ግሪንያርድ አልጀምር ሲል ውሃው ከየት ነው የገባው?

የክረምት ተማሪዎች ግሪንያርድ ላይ (ማግኒዚየምና ብሮሞቤንዝን ኤተር ውስጥ ተዋህደው ውሃ የሚያጠፋውን ውህድ የሚሠሩበት ሪአክሽን) ሲደርሱ፣ ሪአክሽኑ እምቢ ባለ ቁጥር ወቀሳው የሚያርፈው ዝናቡ ላይ ነው። ነሐሴ ወር፣ አራት ኪሎ፣ መስኮቱ ላይ ውሃ እየወረደ “በዚህ አየር ማን ይሠራዋል?” የማይል የለም። ዝናቡ ድርሻ ቢኖረውም ትንሽ ነው። እስኪ ወረቀትና እርሳስ እንያዝ።

ለአንድ ተማሪ የሚመች መጠን እንውሰድ፦ ማግኒዚየም 1.3 ግራም፣ ብሮሞቤንዝን 5.3 ሚሊ ሊትር፣ ዳይኢትል ኤተር በድምሩ 30 ሚሊ ሊትር፣ በኋላ የሚጨመር ቤንዞፊኖን 8.2 ግራም። ብሮሞቤንዝኑ 50 ሚሊሞል ነው። አንድ ሞል ውሃ አንድ ሞል ግሪንያርድ ስለሚያጠፋ፣ 0.9 ግራም ውሃ ሁሉንም ቤንዝን አድርጎ ያስቀረዋል። በጠብታ ሲቆጠር 18 ጠብታ ገደማ መሆኑ ነው። አንዷ ጠብታ ብቻዋን ከ5 ፐርሰንት በላይ ትበላለች።

አየሩስ? 20 ዲግሪ ላይ እርጥበት የጠገበ አየር በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 17 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። እርጥበቱ 80 ፐርሰንት ነው ብንል፣ በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ የታጨቀው አየር የሚይዘው 3.5 ሚሊግራም ያህል ነው። ይህ ከግሪንያርዱ ግማሽ ፐርሰንት እንኳ አያጠፋም። አሁን ደግሞ ኤተሩን እንየው። ውሃ የጠገበ ኤተር ከክብደቱ 1.3 ፐርሰንት ያህሉ ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሊትሩ 21 ግራም ስለሚመዝን 0.27 ግራም ውሃ፣ ማለትም 15 ሚሊሞል፣ ይዞ ይገባል። ከሥራው 30 ፐርሰንቱ ገና ሳይጀመር ሄደ ማለት ነው። ኮንደንሰሩ (ትነቱን አቀዝቅዞ ወደ ፍላስኩ የሚመልሰው ቱቦ) ውስጥ ከእጥበት የቀሩ ሦስት ጠብታዎች ሌላ 17 ፐርሰንት ይወስዳሉ።

ስለዚህ ጉልበቱ መዋል ያለበት መጀመሪያ ኤተሩ ላይ፣ ቀጥሎ ብርጭቆው ላይ ነው። ኮንደንሰሩ አናት ላይ ሆኖ የሚገባውን አየር የሚያደርቀው የማድረቂያ ቱቦ የመጨረሻው ነው። በተግባር የሚታየው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ቱቦው በጥንቃቄ ይሞላል፣ ኤተሩ ግን መቼ እንደተከፈተ ከማይታወቅ ጠርሙስ ይቀዳል።

ኤተሩን ማድረቅ

ከማድረቅ በፊት ፐርኦክሳይድ (ኤተር ሲቆይ የሚፈጥረው ፈንጂ ውህድ) ይፈተሻል። አንድ ሚሊ ሊትር ኤተር ከአንድ ሚሊ ሊትር 10 ፐርሰንት ፖታሲየም አዮዳይድ ጋር፣ አንድ ጠብታ ቀጭን አሲድ ተጨምሮበት ሲናጥ ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ ከዞረ ጠርሙሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክዳኑ ዙሪያ ክሪስታል ከታየ ደግሞ ጨርሶ አይነካም፤ ለኃላፊው ይነገራል።

ሁለተኛው የሚነበበው መለያው ነው። አንዳንድ ኤተር እንዳይበላሽ 2 ፐርሰንት ያህል ኢታኖል ይጨመርበታል። ኢታኖልም እንደ ውሃው ግሪንያርድን ያጠፋል፦ 21 ግራም ኤተር ውስጥ 0.42 ግራም ኢታኖል አለ፣ 9 ሚሊሞል። እዚህ ላይ ነው ርካሹ ካልሲየም ክሎራይድ ዋጋውን የሚያሳየው፤ ውሃውንም አልኮሉንም አብሮ ይይዛል። በዚሁ ጠባዩ ምክንያት አልኮልና አሚን ለማድረቅ አይሆንም፣ እነሱንም ይዞ ያስቀራል።

ለ500 ሚሊ ሊትር ኤተር ከ50 እስከ 75 ግራም ጥራጥሬ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ፊውም ሁድ (ትነት የሚስብ የላብ ሣጥን) ውስጥ፣ ለአንድ ሌሊት። አልፎ አልፎ ነቅነቅ እየተደረገ፣ ክዳኑም በየጊዜው እየላላ ይተንፍስ። በማግስቱ ኤተሩ ወደ ደረቅ ጠርሙስ የሚዛወረው በማጣሪያ ወረቀት ሳይሆን ቀስ ብሎ በመገልበጥ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወረቀቱ ላይ የተሰራጨ ኤተር በፍጥነት ሲተን ወረቀቱንም ፈነሉንም ያቀዘቅዛል። ክረምት ላይ ልብ ብላችሁ ብታዩ የፈነሉ ጠርዝ ጤዛ ሲይዝ ይታያል። ሌሊቱን ሙሉ ከኤተሩ የወጣው ውሃ በማጣሪያው በኩል ከአየሩ ተመልሶ ይገባል።

ከዚያ 3 አንግስትሮም ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የሚይዝ ፍሬ)፣ ለ500 ሚሊ ሊትር 100 ግራም፣ ለ48 ሰዓት። ሲቩ በተራው መድረቅ አለበት፤ በጣም የሚሳሳቱበትም እዚህ ነው። የብርጭቆ ማድረቂያው ኦቨን 110 ዲግሪ ላይ ሲቭን አያደርቅም። መፍል ፈርነስ (ከኦቨን በላይ የሚግል የላብ ምድጃ) ውስጥ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ያስፈልገዋል። ላባችሁ ፈርነስ ከሌለው አፈርና ማዕድን የሚመረምሩ ላቦች ዘንድ አይታጣም። መንቃቱን፣ ማለትም ደርቆ ለሥራ መዘጋጀቱን፣ ለማወቅ ጓንት ባጠለቀ መዳፍ ላይ አምስት ስድስት ፍሬ አስቀምጦ አንድ ጠብታ ውሃ ማንጠባጠብ ነው። ደረቅ ሲቭ በጓንቱ በኩል እንኳ ወዲያው ይፋጃል። ሙቀት ካልተሰማችሁ ወደ ፈርነሱ ይመለስ።

ሶዲየም ሽቦስ? ለተማሪ ላብ አንመክረውም። ኤተርን ማድረቁ እውነት ነው፣ ግን ትርፍራፊውን ማጥፋት ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ክሎሮፎርም ወይም ዳይክሎሮሜቴን ውስጥ የጨመረው ሰው ደግሞ ፍንዳታ ይጠብቀዋል። የነቃ ሲቭ ጊዜ ከተሰጠው ያለ ጭንቀት ይበቃል። ሶዲየም ሰልፌትና ማግኒዚየም ሰልፌትም ቦታቸው ሌላ ነው፦ ከሪአክሽን በኋላ የወጣውን ምርት ለማድረቅ እንጂ ግሪንያርድ የሚሠራበትን ኤተር ለማዘጋጀት አይደሉም።

የደረቀው ኤተር ተራ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥ፤ የቴርሞስታቱ ብልጭታ ትነቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል። ለኬሚካል የተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ከነበረም ጠርሙሱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፈት ይጠበቅ፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲከፈት የአየሩ ውሃ ውስጡ ነው የሚሰበሰበው።

ብርጭቆው፣ ኦቨኑና መብራቱ

ብርጭቆ ታጥቦ፣ ተንጠፍጥፎ፣ 120 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዓት፤ ማሳደር ይሻላል። ማሳደር ሲባል ግን መብራት ሳይጠፋ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ንጋት ላይ ከመጣ፣ ከእርጥብ ብርጭቆው የወጣው እንፋሎት በሩ እንደተዘጋ ተመልሶ ብርጭቆው ላይ አርፏል። ጠዋት ኦቨኑ ትኩስ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። አንድ ዘዴ አለ፦ ከኦቨኑ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ በመብራት የሚሠራ የግድግዳ ሰዓት መሰካት። ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ከተገኘ መብራቱ ለስንት ሰዓት እንደጠፋ ይታወቃል፤ ያን ያህል ሰዓት ይጨመራል።

ብርጭቆን በአሴቶን አለቅልቆ ወዲያው ኦቨን ውስጥ መክተት እሳት መጥራት ነው። አሴቶኑ ፊውም ሁድ ውስጥ ጨርሶ መትነን አለበት፤ ቢተንም ውሃውን ሁሉ ይዞ አይሄድም፣ ስለዚህ ኦቨኑን አይተካም። ኦቨኑ ውስጥ የማይገቡም አሉ፦ የመጋጠሚያ ፕላስቲክ ክሊፖች፣ የጎማ ክዳኖች፣ ከአዲሽን ፈነሉ (ፈሳሽ በጠብታ ከሚለቀው) ላይ የቴፍሎን ቡሽ፣ ማለትም መክፈቻና መዝጊያው። ቴፍሎን ከብርጭቆ ይልቅ በሙቀት ስለሚሰፋ ቦታው ሆኖ ቢሞቅ በኋላ ያፈሳል። ተነቅሎ በንጹሕ ጨርቅ ይደረቅ። የብርጭቆ ቡሽ ከሆነም ቀዳዳው ውስጥ የምትደበቀውን ጠብታ አትርሷት፤ ፈነሉ ደረቅ መስሎ የመጀመሪያው ብሮሞቤንዝን ሲወርድ እሷን ነው ይዞ የሚወርደው።

ትኩሱን በወፍራም ጓንት ወይም በመቆንጠጫ አውጥቶ፣ ሳይቀዘቅዝ መገጣጠም፣ ወዲያው የማድረቂያ ቱቦውን ከላይ ማድረግ። እንዲህ ሲሆን እየቀዘቀዘ የሚስበው አየር በቱቦው በኩል አልፎ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ግን የደከማችሁበትን ያህል ደረቅ አይደለም። ግሪስ የሚቀባው ትንሽ በረድ ሲል ነው፣ በስሱ፣ መጋጠሚያው ከሰፊው ወገን ባለው ግማሽ ላይ። ኤተር ደግሞ ፍላስኩ በእጅ ጀርባ ተነክቶ ሙቀቱ ካልተሰማ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይገባም። የኤተር ትነት ከ160 ዲግሪ ጀምሮ ያለ ነበልባል ራሱን ያቀጣጥላል፤ ባዶውን የጋለ ሆት ፕሌት ይበቃዋል።

ከፍታው የሚያመጣው ጣጣ

አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ከ570 እስከ 580 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ፣ መጽሐፉ 34.6 ዲግሪ ላይ ይፈላል የሚለው ኤተር እዚህ 27 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ይህ አንድ ቁጥር ብዙ ነገር ይለውጣል።

ሮቶ (የውሃ ታንከር) ውስጥ ፀሐይ የመታው ውሃ ኮንደንሰሩን ሲያልፍ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በውሃውና በኤተሩ መፍያ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዲግሪ ብቻ ነው። ኤተሩ በማድረቂያ ቱቦው በኩል ይወጣል፣ ፍላስኩ ውስጥ የቀረው ይወፍራል፣ ተማሪውም ደጋግሞ ኤተር ይጨምራል፤ እያንዳንዱ ጭማሪ የራሱን ውሃ ይዞ ይመጣል። መፍትሔው በባልዲ በረዶ ውሃ ይዞ በትንሽ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ማዞር ነው፤ ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናትም ያው ዘዴ ይሠራል። ግን በረዶ ውሃ የሚዞርበት ኮንደንሰር ውጪውን ያልበዋል። ጠብታው በብርጭቆው ወርዶ ትክክል መጋጠሚያው አንገት ላይ ይቆማል፣ ክዳን ሲከፈት ወይም መጋጠሚያው ሲነቀነቅ ይገባል። ኮንደንሰሩ እግር ላይ ከመጋጠሚያው ከፍ አድርጎ የወረቀት ፎጣ ሁለት ሦስቴ መጠምጠምና ሲርስ መለወጥ ይህን ይዘጋዋል። ዝናቡ በእውነት ተጠያቂ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፦ ጤዛው የሚበረታው በክረምት ነው።

የቧንቧ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላም አለ። ሄዶ የነበረ ውሃ ሲመለስ በግፊት ነው የሚመጣው፤ ያልታሰረ የጎማ ቱቦ ተስፈንጥሮ ጠረጴዛውን ያጥባል። ሁለቱም ጫፍ በሽቦ ወይም በማሰሪያ ይጠበቅ። ኮንደንሰሩንም ከመገጣጠሙ በፊት ውሃ አሳልፎ፣ ከሥሩ ደረቅ ሶፍት ይዞ አምስት ደቂቃ ማየት ተገቢ ነው። የውስጠኛው ቱቦ ስፌት ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ሶፍቱ ይናገራል። ከዚያ ወደ ኦቨን።

የማድረቂያ ቱቦ

ትንሽ ጥጥ፣ ጥራጥሬ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ከላይ ሌላ ጥጥ። ዱቄቱ አይሆንም፤ ወይ ይዘጋል ወይ ወደ ፍላስኩ ይረግፋል። ጥጡ ተጠቅጥቆ ከታሸገ ደግሞ መሣሪያው ዝግ ዕቃ ሆነ ማለት ነው፤ ኤተር እየፈላ ዝግ ዕቃ ደግሞ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። አየር ማሳለፉን በፒፔት ጎማ ፈትሹ፣ በአፍ አትንፉት፤ የሰው ትንፋሽ እርጥበት የጠገበ ነው።

ካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ሲጠጣ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ይሟሟል። ካለፈው ሳምንት የተረፈ ቱቦ መሃሉ ጠንክሮ ድንጋይ ሆኖ፣ ሥሩ ላይ ወፍራም ፈሳሽ አቁሮ ይገኛል። ያን ገልብጦ ኮንደንሰር ላይ መሰካት ውሃን በእጅ ማጉረስ ነው። ለእያንዳንዱ ላብ ቱቦው እንደ አዲስ ይሞላ፤ ከዚህ ሁሉ ዕቃ ርካሹ ይሄው ነው።

ናይትሮጅን ካላችሁ ጥሩ፤ ለአሉሚኒየም ብየዳ የሚሸጠው አርጎንም ይሆናል። በፊኛ ለሚሠራ ሰው ማወቅ የሚበጀው የፊኛ ጎማ ውሃ ቀስ በቀስ እንደሚያሳልፍ ነው። ለሦስት ሰዓት ላብ ችግር የለውም፣ ለማሳደር ግን አይታመንም። ለግሪንያርድ ተማሪ ላብ የፈላው ኤተር ትነት ራሱ አየሩን ስለሚገፋው ያለ ጋዝም ይሠራል።

ጀመረ ወይስ ኤተሩ ነው የፈላው?

የማግኒዚየም ፍቅፋቂው ግራጫ ሆኖ ከደበዘዘ ኦክሳይድ ለብሷል። በደረቅ ሙቀጫ ትንሽ ጨፍለቅ አድርጎ ከብርጭቆው ጋር ኦቨን ማስገባት ነው። ከዚያ ፍላስኩ ውስጥ ማግኒዚየሙ፣ 5 ሚሊ ሊትር ኤተር፣ ከብሮሞቤንዝኑ ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ፣ አንድ ደቃቅ የአዮዲን ክሪስታል። የቀረው ብሮሞቤንዝን በ25 ሚሊ ሊትር ኤተር ተቀጥኖ አዲሽን ፈነሉ ውስጥ ይጠብቅ።

ተማሪዎች ፍላስኩን በመዳፋቸው አቅፈው ያሞቁታል፤ አረፋ ሲያዩ “ጀመረ!” ብለው ፈነሉን ይከፍታሉ። የሰው መዳፍ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ መዳፍ ብቻውን ኤተር ያፈላል። ስለዚህ እጅንም ሙቅ ውሃንም አንስቶ፣ ፍላስኩን ቡሽ ቀለበት ላይ አስቀምጦ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው። የአዮዲኑ ቡናማ ከጠፋ፣ ፈሳሹ ደፍርሶ ግራጫ ከመሰለ፣ አረፋውም ከማግኒዚየሙ ፊት ላይ እየወጣ ያለ ሙቀት ከቀጠለ ጀምሯል። አረፋው ከቆመ የፈላው ኤተሩ ብቻ ነበር።

በአሥር ደቂቃ ካልጀመረ በደረቅ የብርጭቆ ዘንግ ሁለት ሦስት ፍቅፋቂ ፍላስኩ ውስጥ መጫን (ታችኛውን ሳይበሱ!)፣ ካስፈለገም ሁለት ጠብታ 1፣2-ዳይብሮሞኢቴን መጨመር። የማይደረገው ተጨማሪ ብሮሞቤንዝን ማፍሰስ ነው። ሳይጀምር የተጠራቀመው ሁሉ ሲነሳ በአንዴ ይነሳል፣ ኤተሩም በኮንደንሰሩ አናት ይወጣል። ከጀመረ በኋላ በሰከንድ አንድ ጠብታ ገደማ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፤ የበረዶ ውሃ አጠገብ ይኑር።

መጨረሻ ላይ ምርቱ ራሱ ምን እንደተበላሸ ይናገራል። ግሪንያርዱ ከቤንዞፊኖኑ ጋር ተዋህዶ የሚሰጠው ምርት፣ ትራይፌኒልሜታኖል፣ ከ162 እስከ 164 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ያልተነካ ቤንዞፊኖን በብዛት ከተረፈ ግሪንያርዱ ጠፍቷል፤ ውሃ ነው፣ ወይም ኢታኖል። ባይፌኒል የተባለው የጎን ምርት ከበዛ ግን ውሃው ላይ አታላክኩ፤ ብሮሞቤንዝኑ በጣም ፈጥኖ ወርዷል፣ ፍላስኩም ግሏል ማለት ነው። ባይፌኒሉ በፔትሮሊየም ኤተር ሲታጠብ ይሄዳል፣ ምርቱ ይቀራል። ሪፖርት ላይ ሁለቱንም “እርጥበት ስለነበረ” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጠቅለል የተለመደ ነው፤ ነጥብ መቀነስ ያለበትም ለዚህ ነው።

ለሌሎቹ ሪአክሽኖች ይህን ሁሉ ማባከን አያስፈልግም። ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ኢታኖል ውስጥ ይሠራል። አስፕሪን ሲሠራ አሴቲክ አንሃይድራይዱ ትርፍ ስለሚሆን ትንሽ ርጥበት ይችላል፤ ፍላስኩ ደረቅ ይሁን እንጂ ኦቨን ማሳደር ቅንጦት ነው። ፍሪዴል-ክራፍትስ (በአሉሚኒየም ክሎራይድ የሚሠራው ሪአክሽን) ግን ሌላ ነው። ጥሩ አሉሚኒየም ክሎራይድ ቢጫ አዘል ሆኖ እንደ ዱቄት ይፈሳል፤ ነጭ ሆኖ ከጓጎለ ግማሹ ሞቷል። ጠርሙሱ ውስጥ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ተጠራቅሞ ስለሚቆይ ፊውም ሁድ ውስጥ፣ ፊትን አርቆ፣ ክዳኑን ቀስ እያሉ ማላላት ነው። ክዳን ባለው ደረቅ ብልቃጥ በፍጥነት ይመዘን። የሚወጣውን ጋዝ ውሃ ውስጥ ስትቀብሩ የማድረቂያ ቱቦው በኮንደንሰሩና በጋዝ መያዣው መካከል ይግባ፤ ጋዙ የሚወጣበት ፈነልም ተደፍቶ የውሃውን ፊት ለትንሽ ሳይነካ ይቁም። ከጠለቀ፣ ፍላስኩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ስቦ ቀጥታ አሉሚኒየም ክሎራይዱ ላይ ያመጣዋል።